የሴቶቹ ካሴት

ዕድራችን ካሜራ ይገዛ ብሎ ወሰነ። በአንዱ ስብሰባ ተነስቶ የተናገረ ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ ከአፌ አልወጣም እያለ ስላስቸገረ፣ ከእንግዲህ ሁሉም በቪዲዮ ይያዝ ተባለ። ሂጂና ምረጪ ተብዬ የተላክሁት እኔ ነኝ፤ ድሮ በዚህ ሥራ እንጀራዬን እንደበላሁ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ያውቃሉ። ለምን እንደተውኩት ግን የሚያውቅ የለም፣ የጠየቀኝም የለም። አልሄድም ብዬ ነበር። ጉልበቴን ያመኛል፣ መርካቶም አሁን የእኔ ዕድሜ ሰው የሚገባበት ቦታ አይደለም አልኩ። ሰሚ አላገኘሁም።

እናም ባለፈው ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ ዱባይ ተራ ሦስተኛ ፎቅ፣ ቁም ሣጥን ከሚያካክሉት ሱቆች በአንዱ ደጃፍ ቆሜ ነበር። ሻጯ ሃያ ዓመት የሞላት የማትመስል ልጅ ናት። መዳፍ ላይ የምትቀር ካሜራ አውጥታ፣ እማማ እያለች፣ በትዕግሥት ታስረዳኛለች። ከጎን ያለችውን ቁልፍ ጫን አድርገው ሲይዟት ስክሪኑ ላይ የጓጉንቸር ምልክት ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ሌላው ቁልፍ ሁሉ ቢነካ አይሠራም፣ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ በራሱ አይነሳም፣ ልጆች ቢነካኩትም አይበላሽም አለችኝ። ቀጥላ የተቀረጹትን ክሊፖች በትናንሽ ሥዕል ደርድራ አሳየችኝ። የሚፈለገው ተመርጦ የቁልፍ ምልክት ይደረግበታል፤ ሁሉንም ላጥፋ ቢባል እንኳ ያ ምልክት ያለበት ይቀራል። በእኛ ጊዜ በካቻቢቴ ስንሠራው የነበረውን ነገር ልጅቷ በአንድ ጣቷ ሠራችው። እኔም ሳላስበው፣ ሌላ ሰው እንዳያየውስ ይቆልፋል ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

ልጅቷ ሳቀች። «አይ እማማ፣ እንዳይጠፋ ነው እንጂ እንዳይታይ አይደለም። ለማየት ለማየትማ ካርዱን ያወጣ ሁሉ ያየዋል።»

ከኋላዬ የሴት ድምፅ፣ «እትዬ አስካለ» አለ። ዞር ስል ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ደልደል ያለች ሴት ቆማለች። ፊቷን ያወቅሁት ወዲያው አይደለም። ድምፅዋን ነው ያወቅሁት። ኑሪያ ናት። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በዚህ ገበያ ውስጥ ላገኛት የማልፈልገው ሰው ቢኖር እሷ ነበረች። ሁለት በር አልፎ የእኔ ሱቅ ነው፣ ይግቡና ትንሽ ይቀመጡ አለችኝ። ከመሄድ በቀር ምን ምርጫ ነበረኝ? እሷ ሻይ ልታመጣ ስትወርድ፣ እኔ የጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጬ ያንን ዘመን ሳልፈልግ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድኩበት።

ያኔ መሳለሚያ ላይ፣ በልብስ ሰፊና በመለዋወጫ ሻጭ መሐል ተጣብቃ የኖረች ሰማያዊ የእንጨት በር ያላት ሱቅ ነበረችን። የእኔና የታናሽ ወንድሜ የደምሰው ናት። ማስታወቂያውን የጻፈልን የሰፈር ሠዓሊ ከጽሑፉ ጎን የሣለው ካሜራ የበግ ራስ ይመስል ነበር፤ አስተካክለው ብንለው ተቆጥቶን ሄደ። በመስኮታችን ውስጥ ወደ መንገዱ የዞረ ቴሌቪዥን ነበር። ፊት ለፊታችን ሦስት ካሴት ቤቶች ሦስት የተለያየ ዘፈን በአንድ ጊዜ ያስጮሃሉ፤ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው በየትኛው እንደሚወዛወዝ ግራ ይገባዋል። ወንዶቹ ትከሻው የተነፋ ኮት ከጉልበቱ ሰፊ ሱሪ ጋር ይለብሳሉ። ሴቶቹ ፀጉራቸውን ተተኩሰው፣ ሽንሽን ጉርድ አድርገው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በጭቃው መሐል በእግራቸው ጣት እየተራመዱ ያልፋሉ። ማኪያቶ ሰባ አምስት ሳንቲም ነበር። ባዶ የቪዲዮ ካሴት ግን ሃያ አምስት ብር ይሸጥ ስለነበር፣ አንዷን ካሴት እንደ ዕቃ እንጂ እንደ ፍጆታ አናያትም ነበር። አሁን እዚያ ቦታ ላይ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ቆሟል። በታክሲ ባለፍኩ ቁጥር ወደ ሌላ በኩል አያለሁ።

ካሜራውን ትከሻ ላይ አድርጎ የሚቀርጸው ደምሰው ነበር። እኔ መብራት ያዥ ነኝ፤ የመብራቱ ገመድ ክንዴ ላይ ተጠምጥሞ ከኋላው ከኋላው እሄዳለሁ። አንድ ቀን ሶማሌ ተራ አካባቢ የእስላም ሰርግ ላይ ሄደን፣ የሴቶቹ ክፍል በር ላይ ደምሰውን አቆሙት። ወንድ አይገባም። ሙሽራዋ ከውስጥ ታለቅሳለች፤ የእኔ ሰርግ ብቻ ሳይቀረጽ ሊቀር ነው ትላለች። አንዲት ትልቅ ሴት ከውስጥ ወጥተው ዙሪያውን ካዩ በኋላ፣ መብራቱን ይዤ የቆምኩትን እኔን በጣታቸው አመለከቱና እሷ ትግባ አሉ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራ ትከሻዬ ላይ ያረፈው ያን ቀን ነው። በነጋታው ደምሰው ሥዕሉን አይቶ፣ አንቺ ከእኔ ትሻያለሽ አለኝ። ይህን ቃል እንደ ጌጥ ተሸክሜው ኖርኩ።

ከዚያ ወዲህ ስሜ ቀረና ሁሉም ካሜራዋ ይለኝ ጀመር። ካሜራዋን ጥሯት፣ ካሜራዋ መጣች። ሌላ ካሜራ የማይደርስበት ክፍል ሁሉ እገባ ነበር። ሴቶቹ ሻሻቸውን አውልቀው፣ ፀጉራቸውን ለቅቀው፣ ድቤ እየመቱ ሲጨፍሩ የእኔ ዓይን ብቻ ነበር የሚያያቸው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ቤተሰቤ ጎጃሜ ነው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ማንም እንደ ባዕድ አላየኝም። ሥርዓቱን አውቅ ነበር። ቀይዋ መብራት ስትበራ እየቀረጽኩ ነው፤ መታየት የማትፈልግ ገለል ትበል እላለሁ። ካሜራው ጎን ላይ ደግሞ ቁልፎቹን ሁሉ የምታግድ ትንሽ መዝጊያ ነበረች። ለምግብና ለሶላት ዕረፍት ሲደረግ እሷን ወደ ታች ስቤ ለቤቱ እመቤት አሳያለሁ፤ ይኸው ቆልፌዋለሁ እላለሁ። እመቤቲቱ ምኑም ባይገባት ቃሌን ትቀበላለች።

እትዬ ዘምዘም ከሁሉም ይልቅ ይጠነቀቁ ነበር። ከስልጤ አገር በልጅነታቸው መጥተው፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሻሽና ድርያ የሚባለውን ሰፊና ረጅም ስስ ቀሚስ እየሸጡ ሁለት ሴት ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ትልቋ ልጃቸው ጅዳ ናት፤ ትንሿ ኑሪያ ናት። ከቀበሌ መታወቂያ በስተቀር ፎቶ ተነስተው አያውቁም። ለኑሪያ ሰርግ ሊያነጋግሩኝ የመጡ ዕለት ደምሰው ሱቅ ውስጥ ስለነበር፣ ውጪ ጠርተውኝ ነው ያናገሩኝ። የሴቶቹ ካሴት ወንድ እጅ እንዳይገባ፤ ዘፈን እንዳይጨመርበት፣ እንዳይቆራረጥ። ለጅዳዋ እህቷ አንድ ቅጂ እኔው ራሴ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ እንድገለብጥ፤ ሙሽሮቹ ከጫጉላ ሲወጡ ሁለቱንም በእጃቸው እንድሰጣቸው። ማርያምን ብዬ ማልኩላቸው። እሳቸውም ከመሐላዬ ይልቅ ፊቴን አዩና፣ አንቺን አምኜ ነው አሉኝ።

ኑሪያ ያን ቀን የጨፈረችውን ጭፈራ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሃያ ዓመቷ ነበር። ፀጉሯ ወገቧ ድረስ ወርዶ፣ እጅና እግሯ ላይ ሂናው ገና ትኩስ ሆኖ፣ ጓደኞቿ ከበዋት፣ የምትስቀው በመላ አካሏ ነበር። ብዙ ሰርግ ቀርጫለሁ፤ ሙሽራ ብዙ ጊዜ ካሜራ ስታይ ትደርቃለች። እሷ እኔን ረሳችኝ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ባሏ ቤት ስትወሰድ ሴቶቹ እስከ በሩ ሸኟትና ተመለሱ፤ እኔም ካሴቱ እስኪያልቅ ቀረጽኩ። ማታውኑ ሱቅ ገብቼ ካሴቱ ጀርባ ላይ ያለችውን ጥፍር የምታክል ፕላስቲክ በካቻቢቴ ሰበርኳት። ያኔ መቆለፊያችን ይህ ነበር። እሷ ከተሰበረች በላዩ ሌላ ነገር ሊቀረጽበት አይችልም። ደህና አድርጌ ጠብቄያለሁ ብዬ እጄን ተንተርሼ ተኛሁ።

አሁን የምናገረውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በማግሥቱ ደምሰው፣ እንዴት ሆነልሽ አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ቀርጬ አላውቅም አልኩት። ለናሙናው አሥር ደቂቃ ብንወስድስ አለኝ። ናሙና ማለት ደንበኛ ሲመጣ በመስኮቱ ቴሌቪዥን ላይ የምናሳየው፣ ከየሰርጉ የተለቃቀመ ካሴት ነው፤ በዚያ ካሴት ላይ የእኔ ሥራ አንድም አልነበረም፣ የሴቶች ክፍል ነዋ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እስቲ በኋላ አልኩትና ሳቅሁ። ሳቄ ምን እንደነበር እሱም ገብቶታል፣ እኔም አውቀዋለሁ። ሰው እንዲያይልኝ ፈልጌ ነበር። የጅዳውን ቅጂ የገለበጥኩ ቀን ቴሌቪዥኑን እንደማልኩት አጥፍቼ ሁለቱን ማጫወቻ አገናኘሁ፤ ግልበጣው ግን ካሴቱ የሚፈጀውን ሰዓት ያህል ነው የሚፈጀው፣ ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ ደምሰውን ሱቅ ውስጥ ትቼ ወጣሁ። ስመለስ ካሴቶቹ እንደነበሩ ናቸው። አልጠየቅሁትም። ላለመጠየቅ ብዬ አልጠየቅሁትም።

በሳምንቱ ከሌላ ሥራ ስመለስ፣ መሳለሚያ ከታክሲ እንደወረድኩ ሱቃችን ደጃፍ ላይ ሰው ተኮልኩሎ አየሁ። ጠብ ነው ብዬ ሮጥኩ። ተሸካሚዎች፣ የታክሲ ረዳቶች፣ ከካሴት ቤቶቹ የወጡ ጎረምሶች፣ ሃያ የሚሆኑ ወንዶች አንገታቸውን አስግገው ይመለከታሉ። በመስኮቱ ውስጥ ኑሪያ ፀጉሯን ለቅቃ ትስቃለች። ካሜራውን እንደተሸከምኩ ገብቼ የቴሌቪዥኑን ገመድ ነቀልኩት። ደምሰው ደንግጦ፣ ምን ሆንሽ፣ ሥራሽን ነው ያሳየሁልሽ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ደንበኛ አግኝተንበታል አለኝ። ያን ቀን ያልኩትን ሁሉ አሁን መጻፍ አልችልም። ክፉ ቃል ተናገርኩ፤ እምቢ እንዳላልኩት ግን እሱም አላነሳብኝም፣ እኔም አላነሳሁም።

ከሃያዎቹ አንዱ የኑሪያ ባል አጎት ነበሩ። እዚያው ሰፈር ይነግዳሉ፤ ሲያልፉ የቆመውን ሰው አይተው ነው የቆሙት። በዚያው ዕለት ወሬው ከአማቶቿ ቤት ደረሰ። ልጆቻችን እንደ እህል መንገድ ላይ ተሰጡ ተባለ። ማን ቀረጸው፣ ማን ፈቀደ፣ እናትየው ምን ብላ ነው ያስገባቻት ተባለ። ባሏ ክፉ ልጅ አልነበረም፣ ይወዳት ነበር ይባላል፤ ግን የሚነግደው በአባቱ ሱቅ፣ የሚኖረውም በአባቱ ጊቢ ነው። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። ጾማቸው ሳይገባ ኑሪያ ሻንጣዋን ይዛ እናቷ ቤት ገባች። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከጎረቤት ነው፤ ሄጄ እግሯ ላይ መውደቅ ሲገባኝ በሯን ለመርገጥ አቅም አጣሁ።

እትዬ ዘምዘም ግን መጡ። ወሬው በወጣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው። ደምሰው ከሩቅ ሲያያቸው ሹልክ ብሎ ወጣ። ይጮሃሉ፣ ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ያ ቢሆን ደስ ባለኝ። በርጩማ ላይ ቁጭ አሉና ስንት ናቸው አሉኝ። ሦስት ናቸው አልኩ፤ ዋናው፣ የጅዳው ቅጂና ናሙናው። ደርድሬ ፊታቸው አስቀመጥኩ።

«አጥፊያቸው» አሉ። «እኔ እያየሁ።»

ናሙናውን ወዲያው አጠፋለሁ፤ እዚያ ላይ ከሰርጉ ያለው የኑሪያ ጭፈራ ብቻ ነው፣ የእርስዎን ማንም አላየም፤ ዋናውን ግን ይውሰዱት፣ ቤትዎ ቆልፈው ያስቀምጡት፣ አንድ ቀን ልጆችዎ ይፈልጉታል ብዬ ለመንኳቸው። እያለቀስኩ ነበር። እሳቸው አላለቀሱም።

«አስካለ፣ እኔ አንዴ አምኜሻለሁ» አሉኝ።

የሰበርኩት ቀዳዳ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩበት፤ እሱ ሲደፈን ካሴቱ ላይ እንደገና መቅረጽ ይቻላል። ካሜራውን የመስታወቱን ክዳን ሳላነሳ ከሁለቱ ማጫወቻዎች ጋር አገናኝቼ፣ ዋናውንና ቅጂውን ባንድ ጊዜ በጨለማ መቅረጽ ጀመርኩ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። እትዬ ዘምዘም ሁለት ሰዓት ከሩብ ጥቁር ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው አዩ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው መኪናውን ይረግጣል፣ ውጪ ሦስቱ ዘፈኖች ይጮሃሉ። አንድ ጊዜ ዞር ሳይሉ አሁን የት ደረሰ አሉኝ። የማጫወቻውን ቁጥር አይቼ፣ ሂናውን ሲቀቧት አልኩ። ቆይተው ደግሞ አሁንስ አሉ። ልትወጣ ስትል አልኩ። ከዚያ በኋላ አልጠየቁኝም። ሰዓቱ ሲደርስ እኔው፣ አሁን እርስዎ ነዎት አልኳቸው። ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ሰብሰብ አድርገው እሺ አሉ። ሲያልቅ ናሙናውንም እንዲሁ አስጠፍተው፣ ሦስቱን ባዶ ካሴት ጥለውልኝ ወጡ።

ከዚያ ወዲያ የጠራኝ የለም። ማንም መጥቶ የነገረኝ ነገር የለም፤ ጥሪው ብቻ ቆመ። ካሜራዋ የሚለው ስም እንኳ አብሮ ጠፋ። ከደምሰው ተለያየን፤ እኔ አንድ ልብስ ስፌት ድርጅት ገብቼ ጡረታ እስክወጣ ቁልፍ ስተክል ኖርኩ። እሱ ሱቁን ይዞ ቀጠለ፤ ኋላ ሰው ሁሉ በስልኩ ሲቀርጽ የሞባይል ካርድና ባትሪ ሻጭ ሆነ። ዓመት በዓል ሲመጣ እንገናኛለን፣ ስለ ልጆቹ እንነጋገራለን። ለዘመድ ሁሉ ሕይወቴን ያበላሸው ወንድሜ ነው እል ነበር። እሱ ይህን እየሰማ አንድ ቀን እንኳ፣ እሷም አልከለከለችኝም አላለም። ባለፈው ዓመት ሲሞት ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ አለቀስኩ። እንዴት ትወደው ነበር ተባለ።

ኑሪያ ሻይውን ይዛ ተመለሰች። ስለ ኑሮዋ ባጭሩ ነገረችኝ። እናቷ ዘንድ ቆይታ ንግዱን ተማረች፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ሚስቱ የሞተችበት ደህና ሰው አገባች፤ ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት። ንግግሯ ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ። የደምሰውን ሞት ሰምታ ነበር፤ አላህ ይማረው፣ እኔ ይቅር ብየዋለሁ አለች። ያን ጊዜ ዝም ብል ኖሮ ምንም አይቀርብኝም ነበር። አልቻልኩም። ደምሰው ጠይቆኝ ነበር፣ እኔ እምቢ አላልኩትም አልኳት። ሠላሳ ዓመት የተሸከምኩት ነገር ስለሆነ ሰማይ የሚደፋብኝ መስሎኝ ነበር። ኑሪያ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና፣ እሱ አልፏል እትዬ አለች፤ የጠራሁዎት ለዚያ አይደለም።

እናቷ የሞቱት ከሦስት ወር በፊት ነው። እስከ መጨረሻው ፎቶ አልነሳም እንዳሉ። የልጅ ልጆቻቸው ስልክ ሲያወጡ ፊታቸውን ይሸፍኑ ነበር። የቀረው መታወቂያው ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ያሉት ሴት ከፖሊስ ፊት የቀረቡ ይመስላሉ፣ እናቴ አይደለችም አለች ኑሪያ። አክስቶቿ ግን ለቅሶው ላይ አንድ ነገር ነገሯት። ያን ቀን እሷ ከወጣች በኋላ እናቷ ጨፍረዋል። እድሜ ልካቸውን ሲጨፍሩ ያየቻቸው የለችም፤ እሷም አላየችም። ካሜራዋም ስትቀርጽ ነበር ብለዋታል።

«ካሴቱን ማግኘት እችላለሁ ወይ እትዬ?» አለችኝ። «የእኔን ቆርጠው ይጣሉት። እሷን ብቻ ነው የምፈልገው።»

እናትሽ ናቸው ያስጠፉት ማለት ይቻል ነበር። እውነትም ነው። ግን ሴትዮዋ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ጥቁሩን ሲያዩ ትዝ አሉኝ፤ ይህንን ለልጃቸው ነግረው ቢሆን ኖሮ ኑሪያ አትጠይቀኝም ነበር። ያልነገሯትን እኔ ልነግራት ምን መብት አለኝ? አጥፍቼዋለሁ አልኳት። ሁሉንም እኔው አጥፍቼዋለሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የኑሪያ ድምፅ ተለወጠ።

«መደበቅ የነበረበትን አልደበቁልኝም» አለችኝ። «መቀመጥ የነበረበትን ደግሞ አላስቀመጡልኝም።»

ልነሳ ስል እጄን ያዘችኝ። እንግዲያው ያዩትን ይንገሩኝ አለች። ነገርኳት። አንቺ ከወጣሽ በኋላ ሴቶቹ ደክሟቸው ምንጣፉ ላይ ተበታትነው ነበር፤ እናትሽ ከጓዳ ወጡ፣ ልብስ ለውጠው ነበር አልኳት። በሩ አጠገብ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁ፤ ጎንበስ ብለው አጣምረው ከግድግዳው ጥግ አደረጉት። ድቤ የምትመታዋ ሴት ይህን አይታ ጀመረች። ሴቶቹ እልል አላሉም፣ ቀስ ብለው መሐሉን ለቀቁላቸው። መጀመሪያ እጃቸው ብቻ ነበር የሚሄደው። ኋላ ትከሻቸው መጣ። ሲስቁ አፋቸውን በመዳፋቸው ይሸፍኑ ነበር፣ የፊት ጥርሳቸው አንዷ ስለሌለች። እኔን ሲያዩኝ ያቆማሉ ብዬ ሰጋሁ፤ አላቆሙም። እየጨፈሩ ቀረቡኝ፣ ወደ መስታወቱ አዩና፣ ይሄ ለኑሪያ ነው አሉ።

ኑሪያ አላለቀሰችም። ተነስታ ከመደርደሪያው ሦስት ድርያ አወረደች፤ ቢጫ፣ አረንጓዴና የወይን ጠጅ። ከሰርጓ በፊት በራሷ ገንዘብ የዚህን ዓይነት ሦስት ድርያ ለእናቷ ገዝታላቸው እንደነበር ነገረችኝ። ቀኑን ሙሉ አንዱን ልበሺልኝ እያለች ብትለምናቸውም፣ እንግዳ ላብላ፣ በኋላ እያሉ በወጥ ቤት ልብሳቸው ዋሉ። ከአክስቶቿ አንዷ ቢጫውን ነው ትላለች፣ ሌላዋ አረንጓዴውን ነው ትላለች። እናቷ ደግሞ ስለዚያ ቀን መናገር ፈጽመው ትተው ነበር።

«የትኛውን ነበር የለበሰችልኝ?» አለችኝ።

የዚያን ዘመን ካሜራ ዓይን የሚያስገቡበት ቀዳዳ የሚያሳየው በጥቁርና ነጭ ነው። ቀለሙ ካሴቱ ላይ ይቀረጻል እንጂ ለቀራጩ አይታይም። እትዬ ዘምዘም ከጓዳ ሲወጡ ጀምሮ አንድ ዓይኔ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ነበር፣ ሌላው ተጨፍኗል፤ ካሴቱ አልቆ ካሜራውን ሳወርድ እሳቸው ወደ ጓዳቸው ተመልሰዋል። ቴሌቪዥን ላይ ደግሞ አላየሁትም፤ ምዬ ነበርና። ሦስቱ ጨርቆች ፊቴ ተዘርግተዋል። ጣቴን አንሥቼ አንዱን ብነካላት ኖሮ ታምነኝ ነበር። ቢጫውን ብል ቢጫ ሆኖ ይቀር ነበር።

አላውቅም አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ከደጅ አንዲት ደንበኛ መጥታ የልጅ ሻሽ አለ ወይ ብላ ጠየቀች፤ ኑሪያ አለ፣ ትንሽ ታገሺኝ አለቻት። አረንጓዴውን አንሥታ ማጠፍ ጀመረች። ለአንድ ሰው ረጅም ነው፤ ተነሥቼ ሌላውን ጫፍ ያዝኩላት። ሦስቱንም አንድ በአንድ፣ ጫፍ ለጫፍ እያገናኘን አጠፍናቸውና መደርደሪያው ላይ መለሰቻቸው።